ኬሻብ ሰው አይጥልም

የኬሻብን ክፍል ሁለት የሠሩት ሰዎች አንድ ቀን መንገድ ስተው መተማ ቢመጡ፣ በዚያ ሁሉ ሐሩር ጥላ ሥር ቁጭ በሉ አልላቸውም። ነርስ ነኝ፤ ለሰው ክፉ መመኘት አያምርብኝም። ግን ሰው የወደደውን ሰው አምጥቶ፣ አላምዶ፣ በኋላ ጭቃ መቀባት ምን የሚሉት ሥራ ነው? ባለቤቴ ሽመክት «ፊልም እኮ ነው፣ ሉሊት» ይለኝ ነበር። አሁን አይለኝም።

ኬሻብ የአንድ የህንድ ፊልም አክተር ነው። እኛ ዘንድ አክተር ማለት የታሪኩ ዋና ሰው ነው፤ የተዋናዩን ስም የሚያውቅ የለም፣ የጠየቀም የለም። ኬሻብ ሸንኮራ አገዳ ቆራጭ ነው። ጓዶቹን አስከትሎ ከእርሻ እርሻ ይዞራል። እጁ ሻካራ ነው፤ ሲስቅ አንድ የፊት ጥርሱ የለም፤ እንደ ሌሎቹ አክተሮች በአንድ ቡጢ ሃያ ሰው አያነጥፍም። በክፍል አንድ ጓደኛውን ትኩሳት ይጥለዋል። አሠሪው ትታችሁት ሥራችሁን ቀጥሉ ይላል። ኬሻብ ገጀራውን ይወረውርና ጓደኛውን አዝሎ በጭቃው ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ አይዘፍንም። በህንድ ፊልም ሰው ያን ያህል መንገድ ሳይዘፍን ሲሄድ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እንባዬ የመጣውም ለዚያ ይሆናል።

ለሰሊጥ ሥራ ከጎጃም፣ ከወሎና ከጎንደር ደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በዚህ ፊልም ራሱን አየ። በረሃ ገብቶ መታመም ምን እንደሆነ ያውቀዋላ። የደረሰ ሰሊጥ ቀን ካለፈበት ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ ሰሊጡ አይጠብቅም፣ ባለ እርሻውም አይጠብቅም። ነገሩ ውሎ አድሮ ልማድ ሆነ። እያንዳንዱ ቡድን ወደ እርሻ ከመግባቱ በፊት እሑድ ከሰዓት ጌች ቪዲዮ ቤት ገብቶ ኬሻብን አብሮ ያያል። ኬሻብ ጓደኛውን ሲያዝል ሁሉም ብድግ ብሎ «ኬሻብ ሰው አይጥልም» ይላል። ይኸው መሐላቸው ነው። የታመመ ጓዱን ጥሎ የመጣ ሰው ለሚቀጥለው ዓመት ቡድን አያገኝም። አንድ ቄስ በሥላሴ መማል ቀርቶ በህንድ መማል ተጀመረ ወይ ብለው ተቆጥተዋል ይባላል።

ፊልሙን ለሰው የሚያደርሰው ሽመክት ነው። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ብዙ ዓመት ስለሠራ ዐረብኛ መናገርም ማንበብም ይችላል። በሥራ ቀን የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነው፤ እሑድ እሑድ ጌች ቪዲዮ ቤት ማይክ ይይዛል። የፊልሙ ድምፅ ይቀነስለትና እሱ ከምስሉ ሥር የሚያልፈውን የዐረብኛ ጽሑፍ እያየ በአማርኛ ያወራዋል። አክተሩም እሱ ነው፣ ወንበዴውም እሱ፣ የምታለቅሰዋ እናትም እሱ። እውነቱን ለመናገር እኔ መጀመሪያ የወደድኩት ድምፁን ነው፤ መልኩን በብርሃን ያየሁት በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ አንዴ ሆኗል።

አምና ከጎጃም የመጣ ፈረደ የሚባል የቡድን አለቃ ትኩሳት የጣለውን ጓዱን አዝሎ ከእርሻ እኔ እስከምሠራበት ጤና ጣቢያ ድረስ መጣ። በዚያ ዝናብ የዋልካው ጭቃ ጫማውን ከእግሩ ወስዶበት ነበር። የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ። የታመመው በሳምንቱ ድኖ ሄደ፤ ፈረደ ግን የገዛ ስሙን አጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መተማም በረሃም ኬሻብ ነው የሚሉት። ትልቅ ሰው ነው፣ ቁም ነገረኛ፣ ስቆ አላየሁትም፤ ኬሻብ ሲሉት ግን አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ይላል።

ዘንድሮ ሰሊጡ ሊደርስ ሲል ክፍል ሁለት በፍላሽ ከሱዳን ተሻግሮ መጣ። ጌች ገና ሳያየው ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ጭኖ ከተማውን አዳረሰው። እኔና ሽመክት ቅዳሜ ቤት ቁጭ ብለን በላፕቶፕ አየነው። ሽመክት ሁልጊዜ አንድ ቀን ቀድሞ ያያል፣ ቃላቱን ለማዘጋጀት።

ምን ልበላችሁ። ኬሻብ ኮንትራክተር ሆኗል። ነጭ ጫማ አድርጓል። በጎደለው ጥርሱ ቦታ ወርቅ አስተክሏል። ጂፕ አለው፣ ሠራተኛ ይሳደባል። ያ በክፍል አንድ አዝሎ ያዳነው ጓደኛው እንደገና ታሞ መንገድ ዳር ይወድቃል፤ ኬሻብ ከጂፑ ወርዶ ያየዋል፣ ሥራ አለብኝ ይለዋል፣ ተመልሶ ይገባና ይሄዳል። በቃ። ምን አገኘው፣ ምን ለወጠው፣ አንድ ቃል የለም። ታማሚው ዛፍ ሥር ይቀመጣል። በመጨረሻ ከሩቅ አቧራ ይነሣል፤ መኪና ነው፤ መጣ ብለን ልባችን ሲነሣ የሌላ ሰው መኪና ሆኖ ያልፋል። ሰውየው እዚያው ይሞታል።

እኔ ላፕቶፑን ዘግቼ ተሳደብኩ። የማውቀው ሰው የከዳኝ ያህል ተናድጄ ነበር። አንደኛውን የጻፈው ሰው ሞቶ መሆን አለበት አልኩ፤ ሁለተኛውን የጻፈው አንደኛውን አላየውም አልኩ። ሽመክት ላፕቶፑን ወደ ጎን ገፋው። ቆይቶ ነገ የሚያዩት ሰዎች ሰኞ በረሃ የሚገቡ ናቸው፣ ይህን ሰምተው ይግቡ ወይ አለኝ። እኔም እንግዲያው አታሳዩ፣ ካሳያችሁ ግን እንዳለ ንገራቸው አልኩት። ይናደዱ፣ ይሳደቡ፣ የጌችን አግዳሚ ይስበሩ። ንዴት ሰው አይገድልም አልኩት። መልስ አልሰጠኝም፤ እኔም ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠርኩት።

እሑድ ቪዲዮ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ፈረደ ከነቡድኑ ፊት ተቀምጧል። አጠገቡ ይርዳው የሚባል ከወሎ የመጣ ቀጭን ወጣት አለ፤ የክፍል አንድን ንግግር ሁሉ በቃሉ ስለሚያውቅ ከሽመክት አፍ እየቀደመ የሚጨርስበት፣ ተጫዋች ልጅ። እኔ ከኋላ በሩ አጠገብ ቆምኩ።

ነጭ ጫማው ሲታይ አዳራሹ ማጉረምረም ጀመረ። ይህ ማን ነው፣ ጥርሱን ማን ሠራለት፣ ይሉ ነበር። ሽመክት ወዲያው ኬሻብ ክፉዎቹን ሊሰልል ባለሀብት መስሎ ገብቶ ነው አላቸው። እፎይ አሉ። እኔ ግን ነገሩ ገባኝና አፌን ያዝኩ። ሠራተኛ ሲሳደብም የውሸቱን ነው አላቸው፤ እንዲያውም ሳቁ። ከዚያ ያ ቦታ ደረሰ። ታማሚው ወድቋል፣ ኬሻብ ቆሞ ያየዋል። ከፊት አንድ ሰው ለምን አይጭነውም ብሎ ጮኸ። ሽመክት ማይኩን ጠጋ አደረገና በኬሻብ ድምፅ፣ በዚያ እኔን ባገባኝ ድምፅ፣ እንዲህ አለ፦

«ጂፑ ፍሬን የለውም፣ ወንድሜ። እኔ ብሞት ልሙት፣ አንተን ይዤ ገደል አልገባም። እዚህ ጠብቀኝ። ሐኪም ይዤ እመጣለሁ። ማንም ቢጠራህ ከዚህ ቦታ እንዳትነቃነቅ፤ ከተነሣህ እንጠፋፋለን።»

ሰው አለቀሰ። ወንዶች፣ ገጀራና ማጭድ ይዘው የመጡ ወንዶች። በመጨረሻ አቧራው ከሩቅ ሲነሣ ሽመክት «መጣ፣ ኬሻብ መጣ» አለና መኪናው ሳይቀርብ ፊልሙን ዘጋው። ሁሉም ብድግ ብሎ መሐላውን ሲምል የጣራው ቆርቆሮ ጮኸ። ይርዳው ፈረደን አቅፎ ይስመው ነበር። ቤት ስንገባ ሽመክትን ውሸታም አልኩት። ራሱ ላይ ውኃ እያፈሰሰ ማንን ጎዳሁ አለኝ። እኔም አኮረፍኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ከቡድኑ ልጆችና ከኡመይር ነው። ኡመይር ጦርነቱን ሸሽቶ የተሻገረ ሱዳናዊ ነው፤ ከፈረደ ቡድን አጠገብ ባለው እርሻ ትራክተር ይነዳል።

ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው ተደጋግፎ ሂላ ሂላ ሆኖ መቆም ሲጀምር ይርዳውን ትኩሳት ያዘው። መጀመሪያ ቀን ቀልዶበት ዋለ። በማግሥቱ መቆም አቃተው። ፈረደ እንደ አምናው ሊያዝለው ወገቡን በነጠላ አስሮ ተንበረከከ። እምቢ ያለው ይርዳው ራሱ ነው። ዘንድሮ የገቡበት እርሻ ከአምናው ይርቃል፤ በጀርባ ተይዞ ያ ሁሉ መንገድ ሁለታችንንም ይገድለናል፣ ሄደህ ትራክተር አምጣ፣ እኔ እጠብቅሃለሁ አለው። ጓዶቹም እውነቱን ነው አሉ፤ ኬሻብም እንዲህ ነው ያደረገው አሉ። ፈረደ ትንሽ አመነታ። ከዚያ ይርዳውን ካምፑ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር አስደግፎ ውኃ አኖረለትና ሄደ። ሲሄድ ሽመክት ያለውን ቃል በቃል ነገረው ይላሉ፦ ማንም ቢጠራህ እንዳትነቃነቅ።

ፈረደ የእርሻው ዋና ካምፕ ሲደርስ ትራክተሩ ነዳጅ ሊያመጣ ሄዶ አጣው። ወደ አስፋልቱ በእግሩ ወረደ። ለምኖ፣ ተሳድቦ፣ አልቅሶ አንድ ባለትራክተር አገኘ። ሲመለሱ ዝናብ ጣለ፤ ያውም የወቅቱ የመጨረሻ ዝናብ፣ ሰሊጥ የሚያበላሸው ዓይነት። ትራክተሩ ዋልካው ውስጥ እስከ ሆዱ ሰጠመ። እዚያ አደሩ።

ፈረደ በሄደ በዚያው ከሰዓት፣ ዝናቡ ሳይጀምር፣ ኡመይር በተሳቢ የውኃ በርሜል ጭኖ በነይርዳው ካምፕ በኩል አለፈ። ይርዳውን አይቶ ቆመ። «ያ ዞል፣ ይህ ሑማ ነው፣ ክፉ ትኩሳት ነው፤ ጫኑት፣ ሳይመሽ መተማ አደርሰዋለሁ» አላቸው። በርሜሎቹን ሊያወርድ ጀመረ። ይርዳው የዛፉን ሥር ጨብጦ አልነሣም አለ። ኬሻብ ጠብቀኝ ብሎኛል፣ ደክሞ መጥቶ ቢያጣኝ ምን ይላል፣ አለ። ኡመይር ስለ የትኛው ኬሻብ ነው የምታወሩት ብሎ ጠየቀ። ነገሩት። ኡመይር ፊልሙን ገዳሪፍ አይቶታል። ሳቀ፤ በክፋት አልነበረም።

«ያ ኬሻብ እኮ ጥሎት ሄዷል» አላቸው። «ሰውየው ዛፉ ሥር ሞተ። ከላስ፣ አለቀ።»

ሊደበድቡት ተነሡ። ሽመክት ራሱ ዐረብኛውን እያነበበ ነግሮናል፣ አንተ ከየት አባክ ታውቃለህ አሉት። አንዱ ድንጋይ አነሣ። ኡመይር እጁን ወደ ላይ አድርጎ ለመናቸው፤ ልጁን ብቻ ስጡኝ፣ ስለ ፊልሙ ግድ የለኝም አለ። አልሰሙትም። ይርዳው ያን ጊዜ እንኳ በደከመ አፉ ኬሻብ ሰው አይጥልም ይል ነበር። ኡመይር በርሜሎቹን መልሶ ጫነና ሄደ።

ፈረደ የደረሰው በማግሥቱ ፀሐይ ከበረታ በኋላ ነው። ሌላ ትራክተር ስቦ ነው ያወጣቸው። ይርዳው ዛፉ ሥር ነበር፤ አልተነቃነቀም። ጓዶቹ ዝናቡን በሸራ ከልለውለት አድረዋል፤ እንደሚያውቁት አስታመውታል።

ጤና ጣቢያ ሲያስገቡት ራሱን አያውቅም። ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቷል። መርፌውን ሰጠሁት፣ ግሉኮስ ሰቀልኩለት፣ ኦክስጅን ሰጠነው፣ ከባልደረቦቼ ጋር የምናውቀውን ሁሉ አደረግን። መሸ፣ ነጋ። ጧት ሞተ። ፈረደ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ማንም ሳይነግረው ከፊቴ አወቀ። ባርኔጣውን አወለቀና አጥብቆ ያዘው፣ አላለቀሰም።

የቀበርነው እዚያው መተማ ነው። ወሎ ድረስ አስከሬን የሚወስድ መንገድ በዚያ ሰሞን አልነበረም። ኡመይርም ቀብር መጣ፤ ዳር ላይ ብቻውን ቆመ፤ ስንመለስ ከላይ የነገርኳችሁን ሁሉ ነገረኝ። ሽመክት አጠገቤ ነበር። አንድም ቃል አላመለጠውም፤ ዐረብኛም አማርኛም ይሰማል። ቤት ገብተን ልብሱን እንደለበሰ አልጋ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ቀን ምግብ አልበላም፣ ከእኔም ጋር አላወራም። በልቤ ነግሬህ ነበር እያልኩ ተናደድኩበት፤ ሳየው ደግሞ አዘንኩለት። ሁለቱም ስሜት አንድ ላይ ሲሆኑ ሰው ምን እንደሚናገር አያውቅም፣ ስለዚህ ምሳውን አቀርብለት፣ ሳህኑን አነሣ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እኔ ተረኛ ነበርኩ። ሽመክት ራሱ ምሳ ይዞልኝ መጣ፤ ጊቢው ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ፈረደ በበሩ ገባ። ቡድኑ ወደ ሰሊጡ ተመልሷል፤ እሱ አልተመለሰም። ጠቁሮ፣ ጢሙ አድጎ፣ ፊታችን መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥ ብንለው እምቢ አለ።

«ወንድም ዓለም» አለው ሽመክትን፣ «ኬሻብ ሲመለስ ጓደኛው በሕይወት ነበር? አንተ ሳታሳየን ዘጋኸው።»

ሽመክት የያዘውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰ። 

«አልተመለሰም» አለው። «ጥሎት ነው የሄደው፣ ፈረደ። ጂፑ ፍሬን ነበረው። አቧራው የሌላ ሰው መኪና ነው። ጠብቀኝ ያልኩትም፣ አትነቃነቅ ያልኩትም እኔ ነኝ። ኡመይር እውነቱን ነው የነገራቸው።»

ይመታዋል ብዬ ተነሣሁ። ቢመታውም አልፈርድበትም ነበር። ፈረደ ግን ሽመክትን አየውና ራሱን ነቀነቀ። አላመነውም፤ ወይም ማመን አልቻለም።

«ተው እንዲህ አትበለኝ» አለው ቀስ ብሎ። «ለእኔ ብለህ ጥፋቱን ወደራስህ አትውሰድ። ኬሻብ ሊመለስ ነው የሄደው። እሱ ጥሎት ከሄደ እኔም ጥዬዋለሁ ማለት ነው።»

ሽመክት ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። ያ መተማን ሁሉ የሚያስለቅስ ድምፅ እዚያ አልነበረም። ፈረደ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

«ሲስተር» አለኝ፣ «አንቺ ሐኪም ነሽ፣ አትዋሺኝም። ያን ጠዋት እንደ አምናው አዝዬው ብመጣ ኖሮ ይድን ነበር?»

ይድን ነበር። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። በሁለተኛው ቀን የመጣ ወባ፣ ወጣት፣ ሌላ በሽታ የሌለበት፤ እንዲህ ያለውን ስንቱን አንሥተን በእግሩ ሰድደናል። አምና እሱ ራሱ አዝሎ ያመጣው ከይርዳው ብሶ ነበር። ሽመክትም ይህን ያውቃል፤ ይርዳው በሞተ ዕለት በንዴት ነግሬው ነበር። እንዳለ ንገራቸው፣ ንዴት ሰው አይገድልም፣ ያልኩትም እኔ ነኝ። ፈረደ መሬቱ ላይ ተቀምጦ ሽቅብ እያየኝ ይጠብቃል፤ ዓይኑ እንደ ታመመ ሰው ዓይን ገብቷል። እዚያ ዓይን ውስጥ ያን ቃል እንዴት አድርጌ ላስገባው? ሰው እኮ ነው፣ ገና ብዙ ሰሊጥ የሚያጭድ፣ ገና ጎጃም ልጆቹ ዘንድ የሚመለስ።

«አይድንም ነበር» አልኩት። «የያዘው ዓይነት ክፉ ነው። በጀርባህ ብታመጣውም፣ በአውሮፕላን ብታመጣውም አይድንም ነበር። ጥለኸው አልሄድክም።»

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ፈረደ ግንባሩን ጉልበቱ ላይ ደፋ፤ ይርዳው ከሞተ ጀምሮ ያላለቀሰውን ያን ጊዜ አለቀሰ። ሲበቃው ተነሥቶ እጄን ሳመ፤ የሽመክትንም ትከሻ ያዝ አድርጎ፣ ወደ ቡድኑ ልጆች፣ ወደ በረሃው ሄደ።

ሽመክት ቀና ብሎ አየኝ። አልወቀሰኝም፤ ውሸታም አላለኝም። ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ፣ እኔም መብላት አቃተኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ኬሻብ አንሥተን ተጨቃጭቀን አናውቅም።